ድምጿ የጠፋ ኤንትሬ

ጅማ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለጋሼ ከፈለኝ፤

እንዴት ከረሙ? ባለቤትዎ እትዬ ወለተሥላሴስ እንዴት ናቸው? እናቴ ከድጁ አጠገቤ ቆማ «የኔን ሰላምታ አስቀድሚ» እያለች ስለሆነ የሷን መጀመሪያ ይቀበሉልኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዝናቡ እስካሁን አልለቀቀንም። የጋራዡ ግቢ ጭቃ ሆኖ መኪና በገባ ቁጥር ስንገፋ እንውላለን።

ደብዳቤዎን የሚዛን ተፈሪ አውቶብስ ሾፌር ሰኞ ዕለት ሰጠኝ። ከመኪና ሥር ወጥቼ በቅባት እጄ ስለከፈትኩት ግማሹ ጠቁሯል፤ ያም ሆኖ ደግሜ አነበብኩት። የእርስዎ ደብዳቤ እንዲህ አጥሮ አያውቅም። ድሮ ቢያንስ የቦንጋን መንገድ ይራገሙ ነበር፣ የረዳትዎን የበላይነህን እንቅልፍ ያሙ ነበር። አሁን «ኤንትሬዋ ድምጿ ጠፍቷል፣ ሞተሯ ሳይሞት አልቀረም፣ ብረታ ብረት የሚሰበስበው ነጋዴ ለገና እመጣለሁ ብሏል፣ ልስጠው ወይስ ልተወው?» ብቻ! ዕድሜ ልክዎን አብራዎት ለሠራች የጭነት መኪና ይቺው ናት? አንጀቴን በሉት።

ጋሼ፣ እኔ ጅማ ተቀምጬ ሞታለች አልሞተችም ማለት አልችልም። አባቴ ዐብዱልጀባር በሕይወት ቢኖር ነገሩን ከእርስዎ አፍ ሰምቶ ብቻ ይፈርድ ይሆናል፤ እኔ ሳልለካ አልፈርድም። ስለዚህ የአባቴን የኮምፕሬሽን መለኪያ በጆንያ ጠቅልዬ በዚሁ አውቶብስ ልኬያለሁ። ለኤንትሬ ብሎ ራሱ በቶርኖ ማሽን ቀርጾ ያወጣው ማያያዣ አብሮ አለ፤ እሱ ከጠፋ ሌላ የለንም።

አለካኩ እንዲህ ነው። በላይነህ ናፍጣ የሚረጩትን ስድስቱንም ኖዝሎች ይፍታ፣ ናፍጣውም ይዘጋ። መለኪያውን በአንደኛው ኖዝል ቦታ አጥብቆ ይሰር። እርስዎ ማስነሻውን፣ ሞተሪኖውን ሲያዞሩ ፒስተኑ አየሩን ይጨምቃል፣ ቀስቱም ይወጣል። ከዚህ በላይ አልሄድም ብሎ ሲቆም ቁጥሩን ያንብቡት። ከዚያ ወደ ሁለተኛው፣ እንዲያ እያሉ እስከ ስድስተኛው። የፒስተኑ ቀለበት፣ ፋሻው፣ አልቆ ከሆነ አየሩ በጎን ስለሚያመልጥ ቀስቱ ከታች ይቀራል። ያን ጊዜ ሞተሯ ማለቋን እኔው ራሴ እነግርዎታለሁ። እስከዚያ ግን ለነጋዴው ቃልዎን አይስጡት።

ደግሞ እነዚህን ይመልሱልኝ። አቀበት ላይ በስንተኛ ማርሽ ነው የምትወጣው? ታጨሳለች? ዘይት ትበላለች? ጠዋት አስቸግራ ነው የምትነሳው?

ስለ ስልኩም ላንሳ። ዓርብ ቀጠሮ አስይዤ ቴሌ ሄጄ ነበር። ሚዛን ላይ መጥተዋል አሉኝና «ጋሼ! ጋሼ!» እያልኩ ስጮህ፣ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ኧረ ምንድን ነው ይሄ» ብለው ዘጉብኝ። የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።

ልጅ ሆኜ አባቴ የሚንተፋተፍ ሞተር አስነስቶ ግራ ሲገባው፣ እርስዎ ከግቢው ውጭ ሻይዎን እንደያዙ «ጀባር፣ አራተኛው ነው አልሠራ ያለህ» ብለው ጮኹ። ሲፈታው አራተኛው ሆነ። ይህን ሥራ መማር አለብኝ ያልኩት ያን ቀን ነው። ያንን ጆሮ ይዘው «ድምጿ ጠፋ» ሲሉኝ ደነገጥኩ፤ ለዚህም ነው መለኪያውን የላክሁት።

ልጅዎ ዙሌይካ


ሚዛን ተፈሪ፣ ጥቅምት 16 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለልጄ ለዙሌይካ፤

እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ለእናትሽ ሰላምታ ይድረሳት፤ ወረፋ ሳትጠብቅ ቀድማ ስለገባች የመጀመሪያው የሷ ነው።

መለኪያሽ በደህና ደረሰ። ጆንያውን ስፈታ ወለተሥላሴ አይታ የደም ግፊት የሚለኩበት መሰላት። «ለመኪናዋ ነው» ስላት ሳቀች መሰለኝ። ዘንድሮ የምትለው ሁሉ አይገባኝም፤ ጥርሷ ነው ምኗ፣ ቃሉን አፏ ውስጥ አድቅቃው ነው የምታወጣው።

ጥያቄሽን ልመልስ። የማጂን አቀበት ባለፈው ወር በሁለተኛ ነው የወጣሁት፣ እንደ ወትሮው፣ ያውም ሙሉ ጭነት ይዤ። ጭስ የለም። ዘይት አትበላም። ጠዋት ትነሳለች። ይህን ሰምተሽ «ታዲያ ምን ሆነች?» ትያለሽ። ድምፅ የላትም! ድሮ ከጀሙ በላይ አቀበቱን ስንይዝ እንዴት ታገሳ እንደነበር ታውቂያለሽ፤ ደረቴ ውስጥ ነበር የምትገባው። አሁን ከጨርቅ ስር ያለች ትመስላለች። እኔ በድምጿ ነው ማርሽ የምቀይረው። ድምጿ ከሌለ በምን ልቀይር? ባለፈው አንዴ ሳላውቅ አስጨነቅኋትና በላይነህ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ስለ በላይነህ ካነሳሁ አይቀር ልንገርሽ፤ ስድ ሆኗል። ስንት ዘመን ረዳቴ ሆኖ በእጁ ነክቶኝ የማያውቅ ሰው፣ ዘንድሮ መኪና ከኋላ በመጣ ቁጥር ትከሻዬን ይነካካል። «አያለሁ፣ ተወኝ» እለዋለሁ። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ወዲህ ነው መሰለኝ እንዲህ ያደረገው።

ስልኩ ብልሽት ነው። ቀጠሮው ደርሶኝ ንጹሕ ልብስ ለብሼ ሄጄ ነበር። አንቺ ጉድጓድ ውስጥ ሆነሽ የምታወሪ ትመስያለሽ። ልጅቷ «ይናገሩ፣ ይናገሩ» እያለች በእጇ ታመለክተኛለች፤ ምን ልናገር? ሁለተኛ ለስልክ አትድከሚ፤ ደብዳቤ ይበቃናል።

አሁን ደግሞ ወደ ማጂ ጭነት አለኝና እየሄድኩ ነው። መለኪያውን ይዤው እሄዳለሁ። ቶሎ ማወቅ እፈልጋለሁ፣ እንቅልፍ ነስቶኛል። ዙሌይካ፣ እሷ ከሄደች እኔ ምን ሆኜ ነው የምቀመጠው? በር ላይ ወንበር አውጥቼ የሌላውን መኪና ስቆጥር ልዋል? ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንቺ ብቻ ነው።

ከፈለኝ


ማጂ፣ ጥቅምት 28 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለዙሌይካ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ዛሬ ሰላምታ የማስረዝምበት ልብ የለኝም፣ ይቅር በይኝ።

ለካን። ጭነቱ ዘግይቶብን እዚህ ማጂ አድረን ስለነበር ማለዳ፣ ጉሙ ሳይገለጥ፣ እኔና በላይነህ ጀመርን። እጃችን በብርድ አልታዘዝ ብሎን ብሎኑን እንደ ሕፃን ስንጥለው ነበር። ሞተሪኖው እየተንቀራፈፈም ቢሆን አዞረ።

አንደኛው ሃያ ሁለት። ሁለተኛው ሃያ ሁለት። ሦስተኛው ሃያ አንድ። የቀሩትም ያው ናቸው፣ ከሃያ ሁለት የበለጠ የለም። ጅማ ላይ አባትሽ ሲለካት ሃያ አምስት እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ያኔ ፋሻዋን ገና መቀየሩ ነበር፣ እጁን ጨብጬው ነበር። እንግዲህ ወርዳለች፣ አልቃለች። ጆሮዬ አልዋሸኝም ማለት ነው።

በላይነህ ኖዝሎቹን መለሰ። ሲጨርስ ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ ቆመ፤ እኔም ወደዚያ አላየሁም።

ይቺ መኪና፣ ልጄ፣ የማጂን ጨው ተሸክማለች፣ የቴፒን ቡና ተሸክማለች፣ ድልድይ ሲሰበር ድንጋይ ተሸክማ ድልድዩን ሠርታለች። ክረምት ላይ የመንግሥት አዳዲስ መኪኖች ጭቃው ውስጥ ተኝተው እሷ በመሃላቸው እየተሽሎከሎከች ስታልፍ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ያጨበጭብላት ነበር። አሁን ቆራርጠው በኩንታል ሊወስዷት ነው። ግን በሞተች መኪና ሰው ጭኜ ገደል ከምገባ ይሻላል። ነጋዴው ለገና ሲመጣ ቁልፉን እሰጠዋለሁ።

መለኪያውን ስመለስ እልክልሻለሁ። ስለ ድካምሽ አመሰግናለሁ፤ አንቺ የምትችይውን አድርገሻል።

ከፈለኝ


ጅማ፣ ኅዳር 7 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለጋሼ ከፈለኝ፤

ሰላምታዬን ቆመው ይቀበሉኝ፣ ምክንያቱም የምነግርዎት ያስደስትዎታል። ቁልፉን ለማንም እንዳይሰጡ!

በመጀመሪያ ይቅርታ። አለካኩን በዝርዝር ጽፌ የት እንደሚለኩ ሳልነግርዎ ቀረሁ፤ መለኪያውን ተሸክመው ማጂ አናት ላይ ይወጣሉ ብዬ መች አሰብኩ! ጋሼ፣ ማጂ እኮ ሰማይ ቤት ናት። አየሩ ስስ ነው። ሰው ሁለት እርምጃ ሄዶ የሚያለከልከው ለምን ይመስልዎታል? ሞተርም የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ነው። ስስ አየር ከሰጧት ስስ ቁጥር ትሰጥዎታለች። በዚያ ላይ ብርድ፣ በዚያ ላይ የደከመ ባትሪ። አባቴ አንድ ሞተር እዚህ ለክቶ ጋምቤላ ወርዶ ሲለካው ቁጥሩ ከፍ ብሎ አግኝቶታል፤ ብሎን እንኳ ሳይነካው።

ሌላው ነገር ይበልጣል። ስድስቱም እኩል ናቸው ብለውኛል። ያረጀ ሞተር እኩል አያረጅም። አንዱ ሃያ ቢሆን ሌላው አሥራ አራት፣ አንዱ ጭራሽ አሥር ይሆናል። እርስዎ የላኩልኝ ቁጥር ግን ስድስት ጤነኛ ወንድማማቾች ብርድ ላይ ቆመው ሲንቀጠቀጡ ነው የሚመስለው። ሁለተኛ ማርሽ ይዛ፣ ሙሉ ጭነት ተሸክማ፣ ጭስ ሳታወጣ ማጂን የወጣችን መኪና እኔ ሞተች አልላትም።

ስለዚህ ቴፒ ይውረዱ። ባትሪው ይሞላ፣ ሞተሯ መንገድ ሠርታ በደንብ ትሙቅ፣ ከዚያ ወዲያው ይለኩ።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምንዎ። በላይነህ የሞተሯን ድምፅ እንዴት እንደሚሰማው ይጠይቁልኝ። ተበላሽቷል ይላል ወይስ ደህና ነው? የሚለውን ቃል በቃል ይጻፉልኝ። ለሥራው ያስፈልገኛል።

እናቴ «ከፈለኝን የምታክል ሾፌር ይህች አገር አላየችም በይልኝ» ብላለች። እኔም እላለሁ።

ዙሌይካ


ቴፒ፣ ኅዳር 21 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለጋራዡ ጌታ፣ ለዙሌይካ ዐብዱልጀባር፤

እንደምን አለሽልኝ? እናትሽስ? ጎረቤቶችሽስ? የጋራዡ ድመትስ? ዛሬ ሁሉንም ሰላም እላለሁ!

ሃያ ስድስት! አንዱ ሃያ ስድስት ተኩል! የሚያንሰው ሃያ አምስት ተኩል ነው። ቴፒ መሃል ገበያው ዳር አቁመን፣ ላባችን እየተንጠባጠበ ለካን። ቡና የሚያራግፉት ሰዎች ሥራቸውን ትተው ከበቡን። ቀስቱ ሃያ ስድስት ላይ ሲቆም በላይነህ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እኔ ዘለልኩ። ስድሳ የሞላኝ ሰው ዘለልኩ ብልሽ ታምኛለሽ? አንዱ ሽማግሌ ምን እንዳገኘን ጠይቆ «ሞተሩ ጤነኛ ነው» ሲሉት «እሰይ፣ ልጅ ይውለድ» አለ አሉኝ።

ለብረታ ብረቱ ነጋዴ ሰው ልኬበታለሁ፤ ለቁልፍ ብሎ እንዳይደክም። አንቺን ደግሞ እንዴት ብዬ ላመስግንሽ? ሳታዪያት፣ ሳትነኪያት፣ ከዚያ ሆነሽ «ማጂ ሰማይ ቤት ናት» ብለሽ ሞተሬን ከመቃብር አወጣሽው። እኔ ያን አቀበት ዕድሜዬን ሙሉ ስመላለስበት ይህን አላሰብኩትም። አባትሽ ቢሰማ ደረቱን ነፍቶ ጅማን ይዞራት ነበር።

አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው። በላይነህን ጠይቂልኝ ባልሽው መሠረት ጠየቅሁት። ቃል በቃል፦ «እንደ ጥንቷ ናት፣ ጋሼ። ምንም አልሆነችም።» እያየኝ አልነበረም ሲናገር፤ አስደግሜው ነው ያገኘሁት። እኔ ደግሞ ዛሬም ከቴፒ መውጫ ዳገቱን ስሞክራት ያው ናት፣ ጨርቅ ስር። ኮምፕሬሽኗ ደህና ነው፣ ኖዝሉ ደህና ነው፣ ጭስ ማውጫው አልተቀየረም። ታዲያ ድምጿ የት ሄደ? አንቺ ታውቂዋለሽ። ንገሪኝ።

ከፈለኝ


ጅማ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለጋሼ ከፈለኝ፤

እንደምን ሰነበቱ? ደስታዎን ሳነብ እኔም ጋራዡ ውስጥ እልል ብያለሁ፤ ሠራተኞቹ ይመሰክራሉ። እዚህ ላይ ደብዳቤዬን ብጨርስ በወደድሁ። ግን ጠይቀውኛል፤ እርስዎን መዋሸት ደግሞ አልችልም።

ጋሼ፣ ድምጿ የትም አልሄደም። የደከመው የእርስዎ ጆሮ ነው።

ይህን ከጥቅምት ጀምሮ ስጠረጥር ነበር። ስልኩ ጉድጓድ የሆነብዎት፣ እትዬ ወለተሥላሴ ቃል የሚያደቅቁብዎት፣ ሞተሯ ጨርቅ ስር የገባችብዎት በአንድ ምክንያት ነው። በላይነህም ስድ ሆኖ አይደለም ትከሻዎን የሚነካው። ከኋላ የሚመጣው መኪና ክላክስ ሲያደርግ እርስዎ እንደማይሰሙ አውቆ ነው። አፍ አውጥቶ መናገር ከብዶት በእጁ ሲነግርዎት ኖሯል። እንዲህ ያለ ሰው ያኖረልዎትን ፈጣሪ ያመስግኑ።

እንዴት አወቅሽ ይሉኝ ይሆናል። ከአባቴ ነው። አባቴ በመጨረሻዎቹ ዓመታት አይሰማም ነበር፣ ጋሼ። እሱም ስልኩን «መስመሩ ነው» ይል ነበር። እናቴን «አታጉረምርሚ» ይላት ነበር። የገባው መኪና ሁሉ ደክሟል ይል ነበር። ለእርስዎ እንዳልነግር አስምሎኛል፤ «ከፈለኝ ከሰማ እጄን ማመን ይተዋል» ብሎ ፈርቶ። ታዲያ እርስዎ ግቢው ውስጥ ቆመው «ሦስተኛው ነው፣ ጀባር» ሲሉት፣ እኔ ከጀርባዎ ሆኜ ሦስት ጣት አሳየው ነበር። እሱም «እኔም ጠርጥሬው ነበር» ብሎ መፍቻውን ያነሳል። ዛሬ መሐላውን አፈረስኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ አባቴም ይቅር ይለኛል፣ መሐላው ከእርስዎ ሕይወት ስለማይበልጥ።

የምለምንዎት ሁለት ነገር ነው። ኤንትሬዋን አይሽጧት፤ ጤነኛ ናትና ገና ብዙ ትሠራለች። ግን መሪውን ለበላይነህ ይስጡት። ማጂን መውጣት ሌላ ነው፣ ክላክስ ሳይሰሙ መታጠፊያ መግባት ሌላ ነው። ጅማ ላይ የጆሮ ሐኪም አለ፤ ሲመጡ እኔ ራሴ አብሬዎት እሄዳለሁ።

ጋሼ፣ የእርስዎን ጆሮ ሳደንቅ ነው ያደግሁት። ቢቆጡኝም ልጅዎ ነኝ።

ዙሌይካ


ጅማ፣ ጥር 2 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለጋሼ ከፈለኝ፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረስዎ። የአውቶብሱን ሾፌር በመጣ ቁጥር እጠይቀዋለሁ፤ «ደብዳቤ የለም» ይለኛል። በቀደም ግን «ሽማግሌውን መንገድ ላይ አግኝቼው ነበር» ብሎኝ ሌላ ልጠይቀው ስል ፊቱን አዞረብኝ። ምን ሆነው ነው? መለኪያው አላስቸኮለኝም። ሁለት መስመር ብቻ ይጻፉልኝ፤ ስድብም ቢሆን።

ዙሌይካ


ሚዛን ተፈሪ፣ ጥር 24 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለልጄ ለዙሌይካ፤

ቆየሁብሽ፣ ይቅርታ። አዎ፣ ተቆጥቼ ነበር። ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ለወለተሥላሴ ሰጠኋትና «ይቺ ልጅ አበደች እንዴ?» አልኳት። አንብባ ስትጨርስ አላበደችም አለችኝ። ዓመት ሆኖሃል አለችኝ። ይህን ያለችው እየጮኸች እንደነበር ያወቅሁት ጎረቤቶቹ ተጣሉ ብለው ሲመጡ ነው።

እኔ ግን ገና አላመንኩም። በማግስቱ ለበላይነህ «ዛሬ እጅህን ሰብስብ፣ ከነካኸኝ አወርድሃለሁ» ብዬ ተነሳሁ። ዋቻ አካባቢ ስንደርስ ያንን አውቶብስ ከኋላዬ አስከትዬ ነበር። ምን ያህል እንደተከተለኝ በላይነህ ያውቃል፤ እኔ አላውቅም። መንገዱ ሲሰፋ አልፎኝ ፊቴ ቆመና ሾፌሩ ወረደ። ደብዳቤያችንን የሚያመላልሰው ያ ጨዋ ሰው ነው። አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ አየሁ፤ የደም ሥሩ አንገቱ ላይ ቆሟል። ተሳፋሪዎቹ በመስኮት እጃቸውን ያወናጭፋሉ። ውስጥ አንድ ሕመምተኛ ይዘው ኖሯል፣ ወደ ሆስፒታል የሚጣደፍ። በደህና ደርሷል። ሌላውን አልጽፍልሽም።

ወርጄ ቁልፉን ለበላይነህ ሰጠሁት። አልቀበልም ብሎ እጁን ወደ ኋላ አደረገ። ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት።

ስለ ጀባር የጻፍሽውን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርሽም። ሦስት ጣት! እኔ ደግሞ «ጀባር እኮ ቶሎ ይገባዋል» እያልኩ ሳደንቀው። መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ቀጥዬ ግን አለቀስኩ፣ ብቻውን ስለተሸከመው። ቢነግረኝ እጁን ማመን እተው ነበር እንዴ? እኔም ግን በሱ ቦታ ብሆን አልነግረውም ነበር። መሐላውን በማፍረስሽ ማንም አይጠይቅሽም፤ ከጠየቁሽ ወደኔ ላኪያቸው።

አንቺን ግን እንዲህ ብዬ ልንገርሽ። ከጅማ እስከ ማጂ ብዙ መካኒክ አውቃለሁ። የሞተር ሕመም የሚያገኝ ሞልቷል። ሞተሩን ሲያስመረምሩት የሾፌሩን ሕመም ያገኘ፣ አግኝቶም ፊት ለፊት የተናገረ፣ ካንቺ ሌላ አላየሁም። ያንን ደብዳቤ ለመጻፍ ምን ያህል ልብ እንደሚያስፈልግ ይገባኛል። ኮርቼብሻለሁ። ይህን ለእናትሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላት።

ባለፈው ሳምንት እስከ ቦንጋ ሄደን ተመለስን። በላይነህ ይነዳል፣ እኔ በመስኮቱ በኩል ተቀምጫለሁ። መጀመሪያ እግሬ ፍሬን ፍለጋ ወለሉን ይረግጥ ነበር። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። በላይነህ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ዞር ብሎ ፊቴን ያያል፤ ልክ ነው ስለው ይቀጥላል። ጥሩ ይነዳል ልጁ። ልጅ እላለሁ፣ አርባ ዓመቱ ነው።

ከዚያ ከዋቻ አለፍ ብለን ቀና ስል በዛፎቹ መሃል አንድ ፏፏቴ አየሁ። ረጅም፣ ነጭ፣ ከጥቁር ድንጋይ ላይ የሚወርድ። ዙሌይካ፣ በዚያ መንገድ የኖርኩት አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ነው። ዓይኔ ከመንገዱ ላይ ተነስቶ አያውቅማ! «ይሄ መቼ መጣ?» አልኩት በላይነህን። ሳቀ፤ ጥርሱን ስላየሁ ነው መሳቁን ያወቅሁት። መኪናዋን ዳር አስይዞ አቆማትና እስኪበቃኝ አየሁት። ስመለስ ደግሞ ጉሬዛ አየሁ፣ የቡና ዛፍ አበባ አየሁ፣ ሴቶች እጃቸውን ሲያውለበልቡልን አየሁ። ለካ ሁልጊዜ ያውለበልቡልን ኖሯል።

ለሐኪሙ በየካቲት እመጣለሁ፣ መለኪያውንም ያኔ በእጄ አስረክብሻለሁ። ስንመለስ አብረሽን ትመጫለሽ፤ ወለተሥላሴ እንግዳ ክፍሉን አዘጋጅታለች። ጋቢናው ሦስት ሰው ይይዛል፣ ግን ከወዲሁ እንድታውቂው፣ አንቺ መሃል ነው የምትቀመጪው። የመስኮቱ ቦታ የኔ ነው።

ከፈለኝ